በሦስት እጥፍ የተገዛው ጠመንጃ

፩

«እስቲ እንጨቱን ዳሰስ አድርጊው።»

ትርንጎ አልዳሰሰችም። ሱቁ መሀል ቆማ የምታየው ባሏን ነበር። አቶ ልሳነወርቅ፣ ከኢንሹራንስ ድርጅት በኃላፊነት ጡረታ የወጡት ሰውዬ፣ የጠመንጃውን ሰደፍ እንደ ፈረስ አንገት ይደባብሳሉ። ዓይናቸውን ከድነው ይደባብሳሉ። ትርንጎ በትዳር ዘመኗ ሁሉ በእሳቸው እጅ እንዲህ የተደባበሰ ነገር አታስታውስም፤ ራሷን ጨምሮ።

(ተራኪው አቶ ልሳነወርቅን «አንቱ» የሚለው ስለሚገባቸው አይደለም። ከዚያ ጠመንጃ ፊት ከቆሙበት ደቂቃ ጀምሮ እሳቸው ራሳቸውን «አንቱ» ማለት ስለቃጣቸው ነው።)


፪

ጥያቄው ይህ ነበር።

መደርደሪያው ላይ ሁለት የአደን ጠመንጃ አለ። አንደኛው ጥቁር ነው፤ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ጌጥ የሌለው፣ አዳኝ ነኝ የሚል ሁሉ የሚያነግተው ዓይነት። ሁለተኛው ባሕር ማዶ በእጅ የተሠራ፣ ጎኑ ላይ በብር አጋዘን የተቀረጸበት፣ በቁጥር ከሚቆለፍ የቆዳ ሳጥን ጋር የሚሸጥ። ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ።

ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

ጠመንጃ ያስፈለገበት ምክንያት ደግሞ እዚህ ግባ የማይባል አልነበረም። የትርንጎ ታናሽ ወንድም በላቸው ዋቤ ሸለቆ ውስጥ በቆሎና ማሽላ ያርሳል። አምና ከርከሮ የአዝመራውን እኩሌታ በላበት። ዘንድሮ ከዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት የመግደል ፈቃድ አወጣና ወደ እህቱ ባል ደወለ። «ጋሼ፣ እርስዎ የአደን ፈቃድ አለዎት። ይድረሱልኝ» አለ።

ጋሼ ከጓደኞቻቸው ጋር ሁለት ጊዜ አደን ወጥተው ሁለት ጊዜ ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰዋል። ይድረሱልኝ ሲባሉ መጀመሪያ የታያቸው ፎቶግራፉ ነው።

«በልዩነቱ የበላቸውን ማሳ ዙሪያውን ማጠር ይቻላል» አለች ትርንጎ።

አቶ ልሳነወርቅ አልሰሙም። የብሩን አጋዘን ቀንድ በጥፍራቸው እየተከተሉ ነበር።


፫

የሱቁ ንግግር ቃል በቃል፦

ሻጭ፦ ጌታዬ፣ ይኼ ጠመንጃ አይደለም።

አቶ ልሳነወርቅ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ሻጭ፦ ቅርስ ነው።

ትርንጎ፦ ይተኩሳል?

ሻጭ፦ እንዴ፣ እመቤቴ!

ትርንጎ፦ ያኛውስ?

ሻጭ፦ ያው... እሱም ይተኩሳል።

ትርንጎ፦ ከርከሮው በየትኛው እንደተመታ ያውቃል?

(ሻጩ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ዞረ።)

አቶ ልሳነወርቅ፦ ጓደኞቼ ያውቃሉ።


፬

ሻጩ ብልህ ነው፤ ከከተማ ወጣ ባለ የኢላማ ሜዳ ሁለቱንም አስሞከራቸው። በጥቁሩ ተኮሱ። ጥይቱ ከመሀሉ ክብ ጥቂት ፈንጠር ብሎ አረፈ። በውዱ ተኮሱ። ጥይቱ ወረቀቱን ጨርሶ ሳተና ከኋላ ካለው የአፈር ክምር ላይ አቧራ አስነሣ።

«ሰማሽልኝ ድምፁን?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ጆሯቸውን እያሻሹ። «ክቡር ድምፅ ነው።»

«የሳተ ድምፅ ነው» አለች ትርንጎ።


፭

አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ውሳኔ ፊት ትቆም ይሆናል። አትጨነቅ። መጀመሪያ ትወስናለህ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ። ርካሹን ስትጠራ «ያ ፕላስቲክ» በል። ውዱን ስትጠራ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ለሚስትህ «ለልጅ የሚተርፍ ንብረት ነው» በላት፤ ብቸኛዋ ሴት ልጅህ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቷን የምታዞር መሆኗን እርሳው። «አጥር» የሚል ቃል ከተነሣ በመስኮት ወደ ውጭ ተመልከት።

ከዚያ ክፈል።

ከፈሉ።


፮

በላቸው መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ሳቂታ ሰው ነው፤ እግሩ ረጅም፣ ዳገቱን ሲወጣም ሲወርድም የማይደክመው። የቆዳውን ሳጥን አየና፣ «ጋሼ፣ ክራር ይዘው መጡ እንዴ?» አለ።

ሲከፈትለት ግን አፉን ያዘ። እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ሊነካው ሲል አቶ ልሳነወርቅ ክዳኑን ቶሎ መለስ አደረጉት።

«ላብ ጨው አለው» አሉ። «ብረቱን ይበላዋል።»

በላቸው ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም። የበላቸውን የራሱን ጠመንጃ አየችው፤ ያረጀ፣ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ማሳው ጥግ ላይ ተማከሩ። ከርከሮዎቹ የሚውሉት ከማሳው ግርጌ ባለው ጥሻ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ላይ የሚያወጣቸው አንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። አቶ ልሳነወርቅ እዚያ ይቆማሉ። በላቸው ከታች ገብቶ ያስነሣል።

«ካቆሰልኩት በቀጥታ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው» አለ በላቸው። «እኔ ከኋላው ነኝ። እርስዎ ካልጣሉት ዞሮ እኔን ነው የሚያገኘኝ። ከዚህች ቦታ እንዳይነቃነቁ፣ ጋሼ። ነፍሴን ለእርስዎ ሰጥቼ ነው የምገባው።»

«ግባ፣ ግባ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።


፯

ዝናብ።


እሱም ቢሆን ካፊያ። ፍየል እንኳ ለመጠለል ቀና የማትልበት።


፰

ትርንጎ ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ሆና ያየችው ይህን ነው።

ባሏ ወደ ሰማይ አዩ። ከዚያ ወደ ሰደፉ አዩ። ከኪሳቸው መሀረብ አውጥተው ጠብታውን ጠረጉ። ሌላ ጠብታ ወረደ፤ ጠረጉ። ከዚያ ጠመንጃውን ሳጥኑ ውስጥ አስተኙት፤ ክዳኑን ገጠሙ፤ ቁጥሮቹን አዟዟሩ፤ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ጃንጥላውንም ለሳጥኑ ያዙለት። እሳቸው ራሰ በራቸው በካፊያው ይረጥባል።

«ልሳኑ!» አለች ትርንጎ። «ምን እያደረግህ ነው? በላቸው ጥሻ ውስጥ ነው!»

«እንጨቱ ውኃ ከጠጣ ያብጣል! አሁን ያባራል!»

ያኔ ከታች ተኩስ ተሰማ።

ከርከሮው ከጥሻው ፈንድቶ ወጣ፤ የኋላ እግሩ ይደማል። ከኋላው በላቸው ተከተለ። አልቸኮለም። ለምን ይቸኩላል? ከፊት ለፊት ሰው አለው። ዝቅ ብሎ ጥይት እያጎረሰ ጮኸ፦

«ጋሼ! መጣልዎ! ይተኩሱ!»

አቶ ልሳነወርቅ ሳጥኑ ላይ ተንበርክከው ቁጥር ያዞራሉ። አንዱን ሲያገኙ ሌላውን ያልፉታል።

«ጋሼ፣ ይተኩሱ!»

ከርከሮው መተላለፊያው አፍ ላይ ሲደርስ የተዘረጋውን ጃንጥላ አየ። ቆመ። ዞረ። በመጣበት ጠባብ መንገድ ቁልቁል ተመለሰ፤ በላቸውም በዚያው መንገድ ላይ፣ ጠመንጃውን ገና ሳይዘጋ፣ እያቀረቀረ ነበር።

ጥርሱ ጭኑ ላይ ገባ።

ትርንጎ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ከርከሮው ጥሎት ጥሻው ውስጥ ሲገባ ደርሳለች። ሻርፗን ፈትታ ጭኑን ከቁስሉ በላይ ጠፍራ አሰረችው። እጇ እስከ ክርኗ ቀላ። ቀና ስትል ከላይ ድምፅ ሰማች።

ቀጭ።

ሳጥኑ ተከፈተ።


፱

መኪናው ውስጥ በላቸው ኋላ ተጋድሟል፤ ራሱ ትርንጎ ጭን ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ... ምን ሆኑብኝ?» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ማርሽ ለወጡ። ከዚያ፦

«ከሸፈብኝ።»

ትርንጎ በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸውን ፈለገች። ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተከሉ።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ውሸቱ እጅና እግር አውጥቷል፤ «ምላጩን ሳብኩ፣ ደግሜ ሳብኩ፣ እንቢ አለኝ።» ለጓደኞቻቸው ስልክ ሲደውሉ ደግሞ ቁጣ ተጨመረበት፤ «ያን ሁሉ ከፍዬ! ለካ ያ ፕላስቲክ ይሻል ነበር!» ሻጩ «ይላኩልንና እንየው» ሲላቸው ግን አልላኩም። ሻጩ ከፍቶ ቢፈትሸው ምንም እንከን እንደማያገኝበት ያውቃሉ። ማታ ማታ በዘይት ይወለውሉታል።


፲

ሐኪሞቹ እግሩን አተረፉለት። ጉልበቱ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም አሉ። የበላቸው ማሳ ዳገት ነው። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለም ከርከሮዎቹ የቀረውን አዝመራ ጨረሱት።

አቶ ልሳነወርቅ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት ገቡ። በላቸው ገና ሲያያቸው ለመነሣት ሞከረ።

«አይዘኑ፣ ጋሼ» አለ። «ብረት ነው፤ ምን ይደረግ። እርስዎ እንደሆነ ከቦታዎ አልተነቃነቁም። እኔ እሱ ይበቃኛል።»

አቶ ልሳነወርቅ አንገታቸውን ደፉ። ትርንጎ አሁን ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን እጁን ጨብጠው «እግዜር ይስጥህ» አሉት። ምስጋናውንም ይቅርታውንም ብርቱካን እንደሚላጥ ላጥ አድርገው ዋጡት።

ተራኪው እስካሁን በባልዮው ሲያሾፍ ቆይቷል። ቀላል ነበር። ግን ባል አንዲት ቃል ዋሹ፤ ሚስት ሳትዋሽ ዝም አለች። አንድ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ «በላቸው ይተኩሱ እያለ እየለመነህ እኮ ነው ሳጥን ስትከፍት የነበርከው» አለቻቸው። «አሁን ብናገር እግሩ ይታጠፍለታል?» አሏት። ወደ ወንድሟ ክፍል ተመለሰች። በማግስቱም ዝም፤ በሳልስቱም ዝም። ንቀቷን ሁሉ ለእሳቸው ሰጥታ ጨርሳ ስለነበር፣ ለራሷ የሚደርሳትን የት እንደምታኖረው አታውቅም።


፲፩

ጉዳቱ የደረሰው በፈቃድ በተደረገ አደን ላይ ስለሆነ የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤቱ አጣሪ ላከ። አቶ ጉታ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ቃል የማያባክኑ ሰው። ሆስፒታሉ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ሦስቱን አስቀምጠው ነገሩን በአጭሩ አስረዱ፦ ጠመንጃው ከሽፎ ከሆነ አደጋ ነው፤ መዝገቡ ይዘጋል። ተኳሹ ግዴታውን ትቶ ከሆነ ፈቃዱ ይነጠቃል፤ የሕክምናውንና የበላቸውን መተዳደሪያ ይከፍላል።

አቶ ጉታ፦ አቶ ልሳነወርቅ፣ በዚያ ሰዓት ጠመንጃው የት ነበር?

አቶ ልሳነወርቅ፦ እጄ ላይ። ከሸፈ።

አቶ ጉታ፦ አቶ በላቸው፣ እርስዎ አይተዋል?

በላቸው፦ እኔ አቀርቅሬ ጥይት አጎርስ ነበር፣ አላየሁም። ግን ጋሼ ከሸፈ ካሉ ከሽፏል።

አቶ ጉታ፦ ወይዘሮ ትርንጎ፣ እርስዎ ጉብታው ላይ ነበሩ። ሁሉም ከእርስዎ በታች ነው። ምን አዩ?

(አቶ ልሳነወርቅ ሳል ያዛቸው።)

በላቸው፦ ንገሪያቸው እንጂ፣ እትዬ። ጋሼ በከንቱ አይንገላቱ።

ትርንጎ፦ ጠመንጃው ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ጃንጥላም ተይዞለት ነበር።