አርባ እርምጃ ሲቀራት

ልጅቱ ገና ሳይነጋ ብትነሳም እማማ ቀድመዋት በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ሹራብ ደርበሻል?"

"ሁለት።"

"ካልጠፋ ቀን ዛሬ፣ ያውም ብቻሽን!"

"ቀኑማ ጠፍቶ ነው እማማ። ሆስፒታሉ ሌላ እረፍት የሚሰጠኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ማታ ራት ላይ አለሁ።" ማቀዝቀዣው ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፈች። "ይሄ የተራራው ዘበኛ ስልክ ነው። የባሰ ነገር ከመጣ ብቻ ነው የምትደውዪው፣ እሺ?"

"የባሰ አይምጣ! ምን ዓይነት አፍ ነው?"

የልጅ ልጃቸው ሥራዋ ነርስነት ነው። የምትሄደው ወደ ክልሉ ከፍተኛ ተራራ ጫፍ ነው። የላኳት ደግሞ መኝታ ቤት የተኙት የእማማ ባል፣ ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ያንን ጫፍ ለክተው የሲሚንቶ ምሶሶ ተክለውበታል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅም የሚስታቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል በጣታቸው ጽፈውበታል። "ነይ ላሳይሽ" እያሉ ስንት ዓመት ለመኑ። እማማ ግን "ለአንዲት ፊደል ብዬ ገደል ልግባልህ?" እያሉ ሲያስቁባቸው ኖሩ። አሁን የዓይን ሐኪሙ "ቢያዩ ሁለት ወር ነው" ብሏል። ስልክ አፍንጫቸው ሥር ሲያስጠጉላቸው ፎቶ ይለያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የለም። ልጅቱ ያችን ፊደል ፎቶ አንስታ ልታመጣላቸው ነው።

እማማ አራት ሰዓት ላይ ደወሉ፤ አነሳች። አምስት ሰዓት ላይም አነሳች።

"ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው?"

"ዳገት ነዋ እማማ!"

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ አልጠራም። ሰባት ጊዜ ሞከሩ። ወረቀቷን ከማቀዝቀዣው ላይ ላጧት።

"እናቴ፣ እዚያ ላይ ኔትወርክ የለም" አላቸው ዘበኛው። "አይስጉ፣ ትመለሳለች።"

"የልብ በሽተኛ ናት!" አሉ እማማ። ከየት እንደመጣላቸው እሳቸውም አያውቁት። ልጅቱ ከጉንፋን ሌላ ሕመም አታውቅም።

"ይህን እያወቃችሁ ብቻዋን ለቀቃችኋት?" ስልኩ ተዘጋ። እማማም ተንፈስ አሉ።

ልጅቱ ከራት በፊት ደረሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ እማማን ወደ ኩሽና ሳበቻቸው።

"የተራራው ዘበኞች ቃሬዛ ይዘው መጡብኝ" አለች በሹክሹክታ። "አርባ እርምጃ ቢቀረኝ ነው። ነርስ ነኝ ብላቸው፣ 'ሁሉም በሽተኛ እንዲህ ነው የሚለው' ብለው አወረዱኝ። ምሶሶውን ከሩቅ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ፊደሉ ግን በወዲያኛው ጎን ነው።"

እማማ ድስቱን ከፍተው መልሰው ከደኑት።

"አስበሽልኝ ነው፤ አውቃለሁ" አለች። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

"መጣች እንዴ?" የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤት ተሰማ። "አምጪው እስኪ!"

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወልውለው፣ ትራስ ተደግፈው ይጠብቁ ነበር።

"አባባ፣ ጉም ሸፈነብኝ" አለች ልጅቱ። "ምንም አይታይም ነበር።"

"በዚህ ወር? ጉም?" እዚያ ጫፍ ሥር ሦስት ዓመት ድንኳን ተክለው ኖረዋል። መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። "እንግዲህ ምን ይደረጋል።"

እማማ ከበሩ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ጉም የለም" አሉ። "እኔ ነኝ። ታማለች ብዬ ዋሽቼ ከመንገድ አስመለስኳት።"

ሽማግሌው የሚስታቸውን እጅ በዳበሳ አገኙና በእማማ መዳፍ ላይ ያችን ፊደል በጣታቸው ጻፉ።

"ይህችን ታክላለች?" አሉ እማማ።

"የምን ይህችን! የምሶሶውን አንድ ጎን ሙሉ ነው የያዘው፤ ከእግሩ እስከ አናቱ። በወዲያኛው በኩል ካለው የታች መንገድ ላይ ሆኖ ይነበብ ነበር።"

እማማ መዳፋቸውን አዩ። ይህን ሁሉ ዓመት ጥፍር የምታክል ነገር ነበር የመሰለቻቸው።