ጆሮ የመሰከረለት መኪና

ሰዎች «ጆሮ» ይሉኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚጠሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባለቤቴ ስትቆጣ፣ ታናሽ እህቴ ደግሞ ስለ እኔ ለሰው ስታወራ። አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ «መጀመሪያ ጆሮ ይየው» ብሎ ሻጩን ይዞ ጋራዤ ይመጣል። እኔም የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። «ይሄ ታሟል» ካልኩ ሻጩ ራሱ አይከራከረኝም። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ኮርቼበታለሁ፤ ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ኮርቼበታለሁ።

ቀኝ ጆሮዬ የሞተው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያን ሁሉ ዘመን ብረት ሲቀጠቀጥና ሲፈጭ አጠገቡ የከረመ ጆሮ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ግራውም እየተከተለው ነው። ለማንም አልተነፈስኩም። ባለቤቴ «ቴሌቪዥናችንን ሰፈሩ ሁሉ እየሰማው ነው» ስትለኝ በሳቅ አልፋታለሁ። ደንበኛ ሲያወራኝ አፍ አፉን አያለሁ፤ ያልሰማሁትን ነገር «አዎ፣ አዎ» ብዬ ፈገግ እልበታለሁ። የሞተሩን ጤና እጄ ላይ በሚሰማኝ ንዝረት፣ በጭሱና በዘይቱ አውቅና ካቻቢቴውን ለወጉ ያህል ጆሮዬ ላይ እደግፈዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበርኩ። ያዘናጋኝም እሱ ነው።

እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከተራራው ማዶ ነው። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ አምቡላንሱ እንደሆነ ከታማሚዎቹ ይልቅ እሱ ነው የሚተኛው። ስለዚህ የራሷን አሮጌ ፎር ዊል ልትገዛ ቆረጠች።

«ጋሼ፣ አንተ ሳታየው አልገዛም» አለችኝ። «ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ ዳገት መሃል ብቆም ምን እሆናለሁ?»

መኪናው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር በቅዳሜ ጠዋት አጥቦና ወልውሎ ይዞት መጣ። ዓይንና እጅ የሚችሉትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ሠራሁ። ከሥር ገብቼ ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት፤ ዝገቱ የላይ ላዩን ነው። የዘይት መለኪያውን መዝዤ በጣቴ አሸሁት፤ ውሃ አልነካውም። ጭሱንም አየሁ። ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን ጭቃማ ዳገት አራቱንም ጎማ አስገብቼ ስሞክረው እንደ ፍየል ቧጥጦ ወጣት። ሻጩ ደረቱን ነፋ።

ጆሮ ቀረ። ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፍቼ ካቻቢቴዬን ሳነሳ የነበረው ሰው ሁሉ ቀረብ ቀረብ አለ። ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ ሥራውን ትቶ መጣ። ሲያወራ የሚጮህ ሰው ስለሆነ የሱን ሁልጊዜም እሰማዋለሁ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል» አለ። «የኛው ጆሮ ግን ለሰው ሁሉ ዘመድ ነው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እጀታውን ግራ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። የሰማሁት ከሩቅ እንደሚመጣ ንፋስ ያለ ሽውታ ብቻ ነው። መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳርፌ፣ ነዳጅ እያሰጠሁ፣ ንዝረቱን ረጋ ብዬ መከታተል ነበረብኝ። እሱም ቢቀር «ሌላ መካኒክ ይስማልኝ» ማለት ነበረብኝ። ግን ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው፤ ጆሮ የተባለ ሰው ሌላ ሰው ይስማልኝ ይላል? እህቴ በቀኜ በኩል ቆማለች። ቀና ስል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንድ ነገር አለችኝ።

«አዎ፣ አዎ» አልኩና ፈገግ ብዬ ኮፈኑን ዘጋሁት። «ጤነኛ ነው! ግዢው።»

ገዛችው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት እንደተጫነች ሞተሩ ዳገቱ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሾፌሯም አዋላጇም እህቴ ናት፤ ልጁ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ተወለደ። ስልኩን ያነሳችው ባለቤቴ ነበረች። «እናትም ልጅም ተረፉ» ያለችኝን ከከንፈሯ ላይ አነበብኩትና ቁጭ አልኩ።

በማግሥቱ መኪናው ተጎትቶ ጋራዤ ገባ። ጎማ ጠጋኙ «ጆሮ ያሳለፈው መኪና ደግሞ እንዴት...» ብሎ ሳይጨርስ እህቴ ጮኸችበት።

«ብረት ነው እኮ! ወንድሜ ያልሰማውን ማን ሊሰማ ነው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሞተሩን ፈታሁት። ውስጥ ያለውን ዘንግ አቅፈው የሚይዙት ስስ ብረቶች ተበልተው እንደ ወረቀት ሳስተዋል። ይሄ በአሥራ ዘጠኝ ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም። ለወራት ሲያንኳኳ የኖረ ሞተር ነው፤ መካኒክ ያልሆነ ሰው እንኳ ልብ ብሎ ቢያዳምጥ ይሰማዋል። አንዱን ብረት በጨርቅ ጠቅልዬ ቶሎ ኪሴ ከተትኩት። እህቴ ከኋላዬ ነበረች።

«ድንገት የሚመጣ ብልሽት ነው» አልኳት፣ ፊቴን ሳላዞር። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ጡጦ ይዤ ያሳደግኳትን ልጅ ዋሸኋት።

ዞር ስል አፏ ሲከደን አየሁ። የሆነ ነገር ስትለኝ ነበር።

«አዎ፣ አዎ» አልኩ። ፈገግም አልኩ።

እሷ ፈገግ አላለችም። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ምን አልኩህ?»

እጄን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ምን ነበር ያልኩህ?»

አንገቴን ደፋሁ። አገጬን በእጇ ቀና አደረገችና፣ በዕድሜ የገፉ ታማሚዎቿን እንደምታናግረው፣ ቃል በቃል ጮክ ብላ ነገረችኝ።

«‹እኔ ሰምቼው ነበር› ነው ያልኩህ። ያን ቀን ‹ይሄ ኳ ኳ የሚለው ምንድን ነው?› ብዬ ጠየቅኩህ። ‹አዎ፣ አዎ› አልከኝ። ሳቅህ። እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ የገዛ ጆሮዬን ትቼ ያንተን አመንኩ። ያቺ ልጅ እያማጠች ‹ያደርሰናል ወይ?› ስትለኝ እንኳ ‹ወንድሜ ነው ያየው፣ አትፍሪ› እያልኳት ነበር።»

ብረቱን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት። ብረቱን አገላብጣ አየችውና ወደ በሩ ዞረች። አንድ የማላውቀው ሰው አሮጌ መኪና አቁሞ፣ እጁን እያውለበለበ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ምን ይላል?» አልኳት። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ሰው ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«‹ጆሮ፣ ጆሮ› እያለ ነው» አለችኝ።