ለእኔ የተቀመጠ ዓይን

ፕሮፌሰሯ በስልክ «በጣም ጠንካራ ተወዳዳሪ ነሽ» ብላ ስትጀምር እንዳልወሰዱኝ ገባኝ። የወሰዱትን ሰው ማንም እንዲህ ብሎ አያባብለውም። አምስተርዳም ለሥራ ሌላ ሆስፒታል ደርሼ ስመለስ አምስቴል ጣቢያ ባቡር እየጠበቅሁ ነበር። በአንድ ጆሮዬ እሷን፣ በሌላው የዘገዩትን ባቡሮች ዝርዝር እየሰማሁ «አዎ፣ ይገባኛል፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ምኑን እንዳመሰገንኩ እስካሁን አላውቅም።

«አንድ ተጨማሪ የምርምር ዓመት ብትሠሪ ፋይልሽ ይጠነክራል» አለችኝ።

አምናም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ያለችውን ሰምቼ ዓመቱን ሙሉ ሠራሁ፣ ጽሑፍ አሳተምኩ፣ እንደገና ተወዳደርኩ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ስሜ የምሥራች ነው፤ ሐኪም ነኝ፤ ተምሬ ተመርቄያለሁ። የዓይን ሐኪም ለመሆን ግን ሌላ ሥልጠና አለ፤ ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ያልተመረጠ ሰው ፌሎው የሚሉት የምርምር ሠራተኛ ይሆናል። ለሚቀጥለው ምርጫ ስሙ እንዳይረሳ ይጽፋል፣ ይለካል፣ ፕሮፌሰሮቹ በሚያልፉበት ኮሪደር ፈገግ እያለ ይመላለሳል። አያቶቻችን ይህን ደጅ መጥናት ይሉት ነበር። እነሱ ቢያንስ በስሙ ጠርተውታል።

የእኔ ደጅ ሮተርዳም ውስጥ ያለ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሰው ዓይን ውስጡን የሚያሳይ ፎቶ እያየሁ የነርቩን ሽፋን ጠርዝ በመስመር እከተላለሁ። ሽፋኑ ሳስቶ ካየሁት ይህን ሰው የዓይን ግፊት፣ ግላኮማ የሚሉት፣ እየበላው ነው ማለት ነው። ማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ፎቶው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። በሽተኛ መንካት የእኔ ሥራ አይደለም። ስንት ዓይን አሳልፌ አንድም ሰው አላየሁም።

ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ ያለው ቤታችን ስደርስ እናቴ ዓለምወርቅ ኩሽና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም፤ ቤት ለቤት እየዞረች ሽማግሌዎችን የምትንከባከብ ናት።

«እሺ?» አለችኝ።

«አልወሰዱኝም።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አሁንም?»

«አሁንም።»

«ለሰው እንዳትናገሪ።»

ይኼ ነው ያንገበገበኝ። «አይዞሽ» ከማለቷ በፊት «ለሰው እንዳትናገሪ»! ሽንኩርቱ እንዳስለቀሰኝ አስመስዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ለምን እንዲህ እንዳለች ግን አውቃለሁ። ዘ ሄግ ያለችው ትንሿ ጉባኤያችን ገና ያልተሰጣትን ነገር ተሰጥቶኛል ብላ በእምነት ማመስገን ትወዳለች። እናቴ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ሳይደርስ ማይክራፎን ይዛ «ልጄ የዓይን ሐኪም ሆናለች፣ በእምነት ተቀብያለሁ!» ብላ መሰከረች። እልልታው አዳራሹን አናጋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «የዓይን ሐኪማችን» ሆኖ ቀረ። «ገና ነኝ እኮ» ስል «አፍሽን አትክፈቺበት፣ ሆኛለሁ በይ!» ብለው ይቆጡኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ እኔ ግን ላሚቱን እንደማላይ እንኳ መናገር ተከልክያለሁ።

እሑድ ከሰዓት ዘ ሄግ ሄድን። አዳራሹ የሆላንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ ጨርሰው ሲወጡ እኛ እንገባለን። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡልን ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ሆቴል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የጉባኤውን ልጆች ሁሉ ግን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። እኔን «ሀ ሁ»ን ያስተማሩኝ እዚያው አዳራሽ፣ እነዚያው ወንበሮች ላይ ነው።

የዚያን ቀን መዝሙረ ዳዊት አነበቡ። ከፊት ወንበር ስለተቀመጥኩ አየኋቸው፤ ገጹ ሳይገለጥ ምዕራፉ አለቀ። በቃላቸው ነበር የሚሉት። ስብሰባው አልቆ ሻይ ሲቀርብ ስኒያቸውን ከጠረጴዛው በግራ በኩል አየር ላይ አስቀመጡት። ወድቆ ተሰበረ። «ጠረጴዛው ጠበበ» ብለው ሳቁ። መጥረጊያ ሊያመጡ ሲሄዱ ደግሞ ግራ ትከሻቸው ከበሩ መቃን ጋር ተላተመና ሰው የገጩ መስሏቸው ይቅርታ ጠየቁ።

ተከተልኳቸው። «ጋሽ ተካልኝ፣ ዓይንዎን ታይተዋል?»

«አንቺን እየጠበቅሁ ነው» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

«እንዴት እኔን?»

«ሁይስአርትሱ፣ ያ የሰፈሩ ሐኪም፣ ግፊት ሳይኖር አይቀርም ብሎ ወደ ዓይን ክሊኒክ መርቶኝ ነበር። ቀጠሮም ሰጥተውኝ ነበር። የራሴ ልጅ እየደረሰች ለምን የማላውቀው ሰው ይነካካኛል ብዬ ሰረዝኩት።»

«መቼ ነው የሰረዙት?»

«እናትሽ የመሰከረች ሰሞን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመጀመሪያ ደመወዝሽ ለጌታ በኩራት ነው። የመጀመሪያ በሽተኛሽ ግን እኔ ልሁን ብዬ ተስያለሁ። ይህን ዓይን ለአንቺ ነው ያስቀመጥኩት።»

እጃቸውን ይዤ ልጆች ወደሚማሩበት ክፍል አስገባኋቸው። ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን።

«ቀኝ ዓይንዎን ይሸፍኑ። አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ጣቴ ሲታይዎ አሁን ይበሉኝ።»

ጣቴን ከግራቸው እያንቀሳቀስኩ አመጣሁት። ዝም አሉ። ጆሯቸውን አልፌ፣ ጉንጫቸውን አልፌ፣ አፍንጫቸው አጠገብ ደረስኩ።

«ጀመርሽ?» አሉኝ።

ማንን እንደምሰድብ አላወቅሁም። እናቴን? ፕሮፌሰሯን? እኚህን ዓይናቸውን እንደ ስለት ያስቀመጡ ሽማግሌ? ይህ በሽታ ሳያሳምም ነው የሚበላው፤ የበላውንም አይመልስም። እኔ ሮተርዳም ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሰዎች ነርቭ ስለካ የእሳቸው እዚህ እያለቀ ነበር።

«ነገ ጠዋት ሁይስአርትሱ ጋ ይደውሉ» አልኳቸው።

«አንቺ አየሽኝ አይደል? ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ ማከም አልችልም። ጋሽ ተካልኝ፣ አልወሰዱኝም።»

«ኧረ በጌታ! እንደሱ አይባልም። ተወስጃለሁ በይ።»

«አልተወሰድኩም!»

«በአፍሽ አታፍርሺው የኔ ልጅ። እኔ እጠብቃለሁ፤ ዓመት ምን አላት?»

አንድ ዓመት ለዓይናቸው ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ። እምነት ያነሰኝ መስሏቸው አጽናኑኝ። ከሰው ሁሉ ፊት ካልተነገረ እንደማይሰሙኝ ገባኝ፤ ከሰው ሁሉ ፊት የታወጀን ነገር ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ማፍረስ አይቻልም። ወደ አዳራሹ ተመልሼ ማይክራፎኑን ከመቆሚያው ነቀልኩ። እናቴ የሻይ ትሪ እንደያዘች ከወዲያ ሆና ራሷን ነቀነቀችብኝ።

«ምስክርነት አለኝ» አልኩ።

አንዷ ሳትሰማኝ ቀድማ እልል አለች።

«ሁለቴ ተወዳደርኩ፣ ሁለቴም አልወሰዱኝም። የዓይን ሐኪም አይደለሁም። መቼ እንደምሆን፣ መሆን አለመሆኔንም አላውቅም። ከእናንተ መሐል ዓይኑን ለእኔ ብሎ ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ነገ ጠዋት ሌላ ሐኪም ጋ ይሂድ። እኔን አትጠብቁኝ!»

መጋቢ ሳሙኤል ቀስ ብለው ማይክራፎኑን ተቀበሉኝና «ወገኖች፣ እንጸልይላት» አሉ። ተነስተው ከበቡኝ፣ እጅ በእጅ ላይ ጫኑብኝ፣ ለከርሞ በሩ እንዲከፈትልኝ ጮኸው ጸለዩ። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ቆምኩ። ስለ ነገ ጠዋት ነግሬያቸው ስለ ከርሞ ይጸልያሉ! አሜን ማለት አቃተኝ።

ከዚያ ሁሉ ክብ ውስጥ እናቴ አልነበረችም። ትሪውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ጋሽ ተካልኝ አጠገብ ቆማለች። «ስልክዎን ይስጡኝ» ስትላቸው ሰማኋት። «ልጄ አልሆነችም ካለች አልሆነችም። የመሰከርኩት እኔ ነኝ፤ የምደውለውም እኔ ነኝ።»

ሰኞ ደወለች። የሁይስአርትሱ ጸሐፊ የሚቀጥለው ወር ስትላት፣ እናቴ ሽማግሌዎቿን ለማሳከም በምትጠቀምበት በዚያ ሳቅ በሌለው ሆላንድኛ «እስኪታወሩ ጠብቂ ያልሽኝን ከነስምሽ ልጻፈው?» አለቻት። በዚያው ሳምንት የዓይን ክሊኒኩ ተቀበላቸው።

በዚያው ሳምንት እኔም ፕሮፌሰሯን ለተጨማሪው የምርምር ዓመት እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልል ነው? በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በሽተኛ ልይ ብዬ ለመንኳት፤ «እናያለን» አለች። እዚህ አገር «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

ከጋሽ ተካልኝ ጋር ክሊኒኩ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ያያቸው ሐኪም የእኔ እኩያ ነው፤ ሥልጠና ላይ ያለ። የእሱን ወንበር እንዳልመኝ ራሴን ብይዝም አልቻልኩም። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ከፈተው። በየቀኑ የማየው ዓይነት ፎቶ ነው፤ የግራው ሽፋን አልቆ ጠርዙ ከሥሩ ጋር ገጥሟል። ቁጥር ይኖርበት የነበረው ቦታ ላይ ግን ተካልኝ ይላል።

«ያኔ በቀጠሮው መጥተው ቢሆን ኖሮ?» አልኩት በሆላንድኛ።

«ብዙውን ማትረፍ ይቻል ነበር» አለኝ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «የግራው የጠፋው አይመለስም ይላል። የቀኙ ትንሽ ተነክቷል፤ ጠብታውን ሳያቋርጡ ካደረጉ ሊቆይ ይችላል።»

«ሌላም ነገር ብሏል» አሉኝ። ይህን ያህል ዘመን የኖሩበትን አገር ቋንቋ እንደሚሰሙ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። እጄን መታ መታ አደረጉኝ።

ወጥተን ትራም መቆሚያው ላይ ቆምን። ጠብታውን የያዘውን የመድኃኒት ቤት ከረጢት ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

«ግድ የለም» አሉ። «ቀኙ አለ። እሱን ላንቺ አቆየዋለሁ።»

«ለእኔ ምንም አያቆዩ!» ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ትራም የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩን። «ለማንም አያቆዩ! ለራስዎ ነው! ማታ ማታ ጠብታዎን ያድርጉ፣ ቀጠሮዎን አይሰርዙ፣ በቃ! እኔ ልገባ እችላለሁ፣ ላልገባም እችላለሁ፤ ዓይንዎ ምን አገባው?»

እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው በእጃቸው አየሩን ዳሰው ክርኔን አገኙት፤ በግራቸው በኩል ቆሜ ነበርና በፊታቸው አዙረው በቀኛቸው አቆሙኝ።

«በዚህ በኩል ሁነሽ ተቆጪኝ» አሉ። «እዚያ ስትሆኚ አላይሽም።»