የቁርቁራው ፍሬና ቅጠሉ

ራቢዓን ያንገበገባት ረሃቡ አልነበረም። ረሃብማ ጣሊያን ከገባ ወዲህ የሁሉም ቤት እንግዳ ነው። ማሽላዋን ወታደሮቹ ከጉድጓድ አውጥተው ሸዋ ሮቢት ወዳለው ካምፕ ጭነውታል፤ ባሏ አደም ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ይኼን ሁሉ ችላ ነበር። አልቻል ያላት የባሏ ታላቅ ወንድም የሷሊሕ ኩራት ነው።

ኩራቱ ደግሞ በምን መሰላችሁ? በቁርቁራ! ከሮቢ ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ ቁርቁራ አለ፤ በኅዳር ፍሬው መሬቱን ያለብሰዋል። እረኛ ይበላዋል፣ ዝንጀሮ ይበላዋል። የጨዋ ቤት ሰው ግን አይነካውም፤ ሲበላ ከታየ «የእነ እገሌ ቤት አለቀለት» ይባላል። ቅጠሉ ግን ክቡር ነው፤ ሰው ሲሞት ጀናዛው የሚታጠበው በሱ ነው። ለሙት ቅጠል መቁረጥ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም።

የአምስት ዓመት ልጇ የፋዲላ ድድ መድማት ከጀመረ ሰንብቷል። እግሯም አልታዘዝ ብሏት ከመደብ አትነሳም። ራቢዓ በልጅነቷ ፍየል ጠብቃለችና ታውቃለች፤ ቁርቁራ እያላመጠ የሚውል እረኛ ድዱ አይደማም፣ ጉልበቱም አይከዳውም። ይህንኑ ለሷሊሕ ብትነግረው፣ የወንድሜ ልጅ የዝንጀሮ ትራፊ በላች አይባልም፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብሎ ዘጋት። እሷም ሰማችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማችው! በኋላ ራሷን የረገመችው በዚህ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ሷሊሕ አንድ እቅፍ የቁርቁራ ቅጠል ይዞ መጣ። ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ሲል ማን ሞተ ብላ ጠየቀችው። ማንም እንዳልሞተ፣ ወታደሮቹ ለካምፑ አጥር ሲሉ ዛፉን ነገ ሊቆርጡት እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ፋዲላ ወደተኛችበት ሳያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኋላ ቅጠል እንዳናጣ ብዬ ነው» አላት።

ደሟ ፈላ። ልጅቱ ገና ትተነፍሳለች እኮ! ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች! ሰውየው ክፉ አይደለም፣ እንባም አቅርሮ ነበር፤ ይበልጥ ቆሽቷን ያሳረራት ይኼው ነው። ጣሊያን ማሽላ ቢወስድ ጠላት ነው። የገዛ ዘመድ ፍሬውን ከልክሎ ቅጠሉን ሲያመጣስ ምን ይባላል?

ስልቻ አንጠልጥላ ወጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ እያየ፣ ከዛፉ ሥር ተንበርክካ ለቀመች። መልቀም ብቻ አይደለም፣ እያላመጠች ለቀመች። አንዷ መንገደኛ «ውይ፣ የአደም ሚስት» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ትምጠጥ! እሾሁ ክንዷን ቧጨራት፤ ስልቻው እስኪሞላ ግን አልተነሳችም። በማግስቱ ዛፉ ተቆርጦ ተጎተተ።

እርጥቡን በጣቷ እየፈረፈረች ለፋዲላ አጎረሰቻት። የቀረውን አድርቃ በሙቀጫ ወቀጠችና ጠንካራውን ዘር ለየች፤ ዱቄቱን በውሃ እየበጠበጠች ጠዋት ማታ አጠጣቻት። በሳምንቱ ድዷ መድማቱን ተወ። በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሷሊሕ ደጇ ላይ መጣ። የራሱ ልጅ አብዱረሂም ድዱ ደምቶ፣ እግሩ አብጦ ተኝቷል። ይህን ሲነግራት መሬት መሬቱን ያያል። ምን ፈልጎ እንደመጣ ግን አልወጣህ አለው።

ራቢዓ ገብታ በአንድ እጇ የዱቄቱን ቅል፣ በሌላው ያንን የደረቀ ቅጠል ይዛ ወጣች።

«ሁለቱም አለኝ፣ ጋሼ። ለአብዱረሂም የትኛውን ልስጥዎት?»

 ሷሊሕ እጁን ወደ ቅሉ ዘረጋ። እሷ ግን አለቀቀችም።

«መጀመሪያ አንቱ ይቅመሱ። እዚሁ ደጅ ላይ፣ ሰው እያየ።»

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ ያልፉ ነበር። ሷሊሕ አያቸው፤ እነሱም አዩት። «ቢስሚላህ» ብሎ አንድ እፍኝ ቃመ፤ እንባው በጢሙ እየወረደ አላመጠ። አላዘነችለትም። ቅሉን ሰጠችውና ቅጠሉን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።