ወደ ባሕሩ የሚያየው ክፍል

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ፣ የስፌት መኪናዋን ሆን ብላ ታስጮኻለች፤ ባሏ ከሳሎን እንዳይሰማት።

"ከሆቴሉ በረንዳ የሌለው ክፍል ይሁንልኝ የኔ ልጅ። ምድር ላይ፣ ከውኃው ራቅ ያለ።"

"እትዬ፣ ጋሼ እኮ የመረጡት ባሕሩ ፊት ለፊት ያለውን ነው" አለች የጉዞ ወኪሏ።

"እሱን ለኔ ተይው።"

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዓይን የማይሞሉ ብሎኖችን ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሰው፣ አምና ዓይኑ ከዳር ከዳሩ ይጨልምበት ጀመር። ሐኪሙ አላድበሰበሰም፤ የቀረውም እየጠበበ እንደሚሄድ ነገረው። ሱቁን ዘግቶ ቤት ዋለ። ሰው ሲያናግረውም አዎና አይ ብቻ ሆነ መልሱ። አንድ ቀን ግን ቁርስ ላይ "ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔ ሳለ ልየው" አለ። ሚስቱ ደስ ብሏት እንሂድ አለች።

ጭንቀቱ የመጣው በኋላ ነው። ሊሄዱባት ያሰቧትን ፀሐያማ የወደብ ከተማ ፎቶ በስልኳ ስትከፍት፣ ሰው ሰማያዊውን ውኃ ሲያይ እሷ ደረጃውን፣ እርጥቡን ድንጋይና አጥር የሌለውን የወደብ ጠርዝ ታያለች። በሰው ግርግር መሃል እጄን ቢለቅስ? ድንጋዩ ቢያዳልጠውስ? እንቅልፍ አጣች። ሐሳቧ ከመርፌው እየራቀ የአንዲት ደንበኛዋን ቀሚስ እጅጌውን ገልብጣ ሰፋችላት።

"እጄን ወደ ኋላ ላዙረው እንዴ?" ብላ ሳቀች ደንበኛዋ። ልብስ ሰፊዋ መሳቅ አቃታት።

ለወኪሏ በደወለች ማግስት ምሳ ላይ ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ከክፍላችን መስኮት ምን ይታያል?"

"ማን ነገረህ?"

"ልጅቱ ደውላ ነበር፤ መቀየሩን ልታረጋግጥ። ምን ይታያል?"

"... የመኪና ማቆሚያው።"

"መኪና ማቆሚያ እዚሁ ደጃችን አለልሽ!"

"ብትወድቅብኝስ? በሰው አገር ምን ይውጠኛል?"

"እወድቅ ይሆናል። አንቺ ግን ገና ሳልታወር አሳወርሽኝ" አለና ፊቱን አዞረ።

ተናዳ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጣች። ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ባርኔጣው ከመስቀያው የለም። ለወራት ያለ እሷ ከደጅ ወጥቶ አያውቅም። እንደ ዕብድ ሮጠች።

"ባለቤቴን አይተህልኛል?" ብላ ጎረቤት ባለመድኃኒት ቤቱን ያዘችው።

"ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ዋናው መንገድ ሲወርድ አይቻለሁ። ላግዝህ ስለው ተቆጣኝ።"

ዋናው መንገድ! መኪና በጮኸ ቁጥር ልቧ ስንጥቅ እያለ፣ ሰው የከበበው ነገር ባየች ቁጥር ዓይኗን እየጨፈነች አለፈች። መጨረሻ ላይ ያገኘችው የጉዞ ወኪሏ ቢሮ ውስጥ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ልጅቱ የተላጠ መዳፉን በጥጥ ትጠርግለታለች።

"መጣሽ?" አለ ሳይዞር፤ አረማመዷን ያውቀዋል። "ወድቄ ነበር። ተነሣሁ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ክፍሉን አስቀየርከው?"

"አልነካሁትም። የምናድርበት ሁለታችን ነን። ልጅቱን ደውዪላት ልላት ስል ደረስሽ።"

አገጩ ላይ አቧራ አለ። በመሐረቧ ጠረገችለት። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች።

"የበረንዳው ብረት ቁመቱ እስከ የት ነው?"

"እስከ ደረት ነው እትዬ።"

"በማን ደረት? በሱ ወይስ በኔ?"

ሰዓት ሠሪው ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

"በሁለታችሁም" አለች ልጅቱ።

"እንግዲያው የፊተኛውን መልሺልን።"

ሄዱ። ፍርሃቷ ቤት አልቀረም፤ አብሯት ተሳፈረ። በመጀመሪያው ጠዋት በረንዳው ላይ ሸሚዙን ከኋላ ጨምድዳ ይዛ ቆመች። እሱ በቀረችለት ጠባብ ብርሃን ውኃውን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ጭንቅላቱን ቀስ እያደረገ እያዞረ፣ ቁራሽ በቁራሽ አየው።

"ማለቂያ የለውም እንዴ?" አላት።

"የለውም" አለች፤ ሸሚዙን ግን አለቀቀችም።