አስራ ሁለተኛው ሰሃን

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው፣ ገበታው ይህን ይመስል ነበር። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አስራ ሁለት ወንበር። ነጩ ጨርቅ በአራቱም በኩል እኩል አንድ ስንዝር ወርዷል። ሹካዎቹ በግራ፣ ቢላዎቹ በቀኝ፣ ስለታቸው ወደ ሰሃኑ ዞሮ፣ ሁሉም ከጠረጴዛው ጠርዝ ሁለት ጣት ገባ ብለዋል። ባሂራ እያንዳንዱን በጣቶቿ ለክታዋለች። ውጭ የቡታጅራ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ የሆቴሉ አዳራሽ መጋረጃዎች ግን ተዘግተው፣ መብራት በርቶ፣ ውስጡ ምሽት ሆኗል። ባሂራ ልትቀጠርባቸው በምትፈልገው የሽርሽር መርከቦች ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ምሽት አለ። አሰልጣኙ ቴዎድሮስ «የክት ምሽት» ይለዋል።

ቴዎድሮስ ዘጠኝ ዓመት በእነዚያ መርከቦች ምግብ ቤት ውስጥ ሲያስተናግድ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። «መርከብ ላይ የሚያስፈራው ባሕሩ አይደለም» ይላቸው ነበር ሰልጣኞቹን፤ «የወንበር ቁጥሩ ነው።» አስተናጋጅ እንግዳን በስም አይዝም። ለበሩ ቅርብ ከሆነው ወንበር ጀምሮ ወደ ቀኝ ይቆጥራል፤ ወጥ ቤቱም ሰሃን የሚያሰናዳው በዚያው ቁጥር ነው።

ዛሬ ቁጥሮቹ ሌላም ሥራ ነበራቸው። ለፈተናው ከተጋበዙት አስራ ሁለት ሰዎች ስድስቱ ክርስቲያን፣ ስድስቱ ሙስሊም ናቸው። እንደ ማንኛውም የከተማው ድግስ ሁለት በግ ታርዷል፤ አንዱን ክርስቲያን፣ ሌላውን ሙስሊም ባርኮት፣ በየድስቱ ተሠርቷል። ከአንድ እስከ ስድስት ክርስቲያኖቹ፣ ከሰባት እስከ አስራ ሁለት ሙስሊሞቹ ይቀመጣሉ። በሙስሊሞቹ ሰሃን ጠርዝ ላይ ቁራጭ ሎሚ፣ በክርስቲያኖቹ ላይ ቁራጭ ቲማቲም ይቀመጣል። ምልክቱን የሚያውቁት ወጥ ቤቱና አስተናጋጆቹ ብቻ ናቸው። ማንም «የማን እርድ ነው?» ብሎ እንዳይጠይቅ፣ ማንም እንዳይሳቀቅ፣ ይህን ዘዴ ያወጣችው ራሷ ባሂራ ነበረች።

የዛሬዋ ተፈታኝ እሷ ናት። የነገዋ ተፈታኝ ናዝሬት ደግሞ ዛሬ ታግዛታለች። ፈታኟ ሀሴት ለመርከቡ ሠራተኛ ከሚመለምለው ቢሮ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ በአንድ ቁጥር ወንበር ላይ፣ ወረቀቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ባሂራን እንቅልፍ የነሳት ግን የሀሴት ወረቀት ብቻ አልነበረም። ለዘጠኝ ቁጥር ወንበር የተጠሩት አባቷ ናቸው። ከሦስት ቀን በፊት «ሥራሽን በዓይኔ ሳላይ ዱዓ አላደርግልሽም» ብለዋታል። ያለ አባቷ ዱዓ ከቤት መውጣትን ባሂራ በሐሳቧ እንኳ ሞክራው አታውቅም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ዳኛ ነበረባት፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ሕግ አልነበራቸውም።

አባቷ ሰይዶና ለአራት ቁጥር ወንበር የተጠሩት ክርስቲያኑ የገበያ ጎረቤታቸው ጋሽ ደበሌ በአንድ ባጃጅ መጡ። ጋሽ ደበሌ ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉትን ኮት ለብሰዋል። አባቷ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ኮፊያቸውን አድርገው፣ ከላይ የታጠበ ነጭ ጋቢ ደርበዋል። ባሂራ ጋቢውን አይታ ወደ በሩ ዞረች። በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ ለሃይማኖት የሚደረግን የራስ ልብስ ይፈቅዳል፤ ቁምጣና ነጠላ ጫማ ይከለክላል፤ ለወንድ ኮት ግዴታ ነው። ስለ ጋቢ የሚናገር መስመር የለውም።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ አባቷ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም። እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አለች። አባቷን «ጌታዬ» ስትል የመጀመሪያዋ ነው። «የዛሬው ምሽት… የክት ልብስ ምሽት ነው።»

«ታዲያ የለበስኩት ምንድን ነው? የዓረፋ ጋቢዬ ነው።»

ከበስተጀርባዋ የሀሴት ብዕር ሲንቀሳቀስ የሰማች መሰላት። በመርከቡ ልማድ፣ ኮት ያልለበሰ እንግዳ ሲመጣ አይመለስም፤ በር ላይ ከተሰቀሉት የውሰት ኮቶች አንዱ ይቀርብለታል። ቴዎድሮስ ሦስት ሰቅሎላታል። መካከለኛውን አወረደች።

«ለእንግዶቻችን የምናውሰው ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዳ ልብሱን አውልቆ ነው የሚበላው?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ ይሻላት ነበር።

«ሰይዶ፣ ልበስና እንግባ እንጂ» አሉ ጋሽ ደበሌ። «ማን ያውቃል፣ ሙሽራ አስመስሎ ይመልስህ ይሆናል። ባለቤትህ ካላባረረችህ።»

አባቷ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጧት። ኮቱን ስታለብሳቸው እጅጌው ከአንጓቸው በአራት ጣት አጠረ። በሕይወቷ ሙሉ እንቢ ሲሉ የምታውቃቸው ሰው ክንዳቸውን እንደ ሕፃን ወደ ኋላ ዘርግተው ሲጠብቋት፣ ከቁጣቸው ይልቅ ይህ ዝምታቸው አስፈራት። ጋቢውን ለአራት አጥፋ እስክትሰቅል ድረስ ጋሽ ደበሌ ቀድመው ገብተው፣ ከሚያውቁት ሰው አጠገብ ባገኙት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የቀረው ባዶ ወንበር አንድ ነበር። አባቷን ወደዚያ መርታ አስቀመጠቻቸው።

ወንበሩን አልቆጠረችም። ስድስት ሳምንት ሙሉ በተኛችበት ስትቆጥር የከረመችውን ያን ጊዜ አልቆጠረችም።

ሾርባው የአትክልት ስለነበር ምንም አልነገራት። ሀሴት ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ ቴዎድሮስ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ራሱን ነቅንቆ «ደህና ነው» አላት። ከዚያ ዋናው ምግብ ወጣ። ናዝሬት ከሰባት እስከ አስራ ሁለት፣ ባሂራ ከሁለት እስከ ስድስት አቀረቡ። ባሂራ ከሰሃኑ በቀር የሚታያት ነገር አልነበረም። ሥጋው ወደ እንግዳው ይዙር፣ መረቁ ጠርዙን አይንካ፣ አውራ ጣት ወደ ውስጥ አይግባ። የአራት ቁጥሩን ሰሃን ስታስቀምጥ ያየችው አጭር እጅጌ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ሰሃን እንደ ገበታው ባለቤት የተቆጠረችው የፈታኟ ነበር። የገበታው ባለቤት መጨረሻ ይቀርብለታል፤ ሁሉም ሳይቀርብለት ደግሞ ማንም ሹካ አያነሳም። ይህን ቴዎድሮስ ለእንግዶቹ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ባሂራ አስራ ሁለተኛውን ሰሃን ይዛ በሀሴት ግራ ቆመች። ከዚህ ጫፍ ሆና ገበታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየችው። በአንድ ወገን ቲማቲም፣ በአንድ ወገን ሎሚ፣ በሥርዓት። ሎሚዎቹን በዓይኗ ስትከተል ሦስተኛው ሎሚ ላይ ደረሰች። ከፊቱ የተቀመጡት ጋሽ ደበሌ ናቸው።

ወደ አራት ቁጥር ለመመልከት ጊዜ ወሰደባት፤ ምን እንደምታይ ታውቃለችና። አባቷ በቲማቲሙ ሰሃን ፊት ተቀምጠው፣ ሹካው በየትኛው እጅ እንደሚያዝ አጠገባቸው ከተቀመጠው እንግዳ ለመማር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር።

ሰሃኑን ልታስቀምጥ የዘረጋችው እጇ አየር ላይ ቀረ።

ሙቀቱ በጨርቁ አልፎ ጣቶቿን ያቃጥላት ጀመር። አሰበች፤ ሐሳቧ ግን እንደ ሮጠ ሰው ትንፋሽ እየተቆራረጠ ነበር። ፀጉር አየሁበት ብላ የአባቷን ሰሃን ብታነሳስ? የጋሽ ደበሌስ? በሁለቱም ላይ ፀጉር? ደግሞ በምን ትተካው? አስራ ሁለት ሰሃን ነው የተሠራው፤ አስራ ሦስተኛ የለም። እውነቱን ብትናገር ፈተናው ያኔውኑ ያልቃል። አባቷም የገዛ ልጃቸው ምን እንዳቀረበችላቸው በሰው ፊት ይሰማሉ። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ሆኖ ታያት፤ ይህ ሰሃን ጠረጴዛው ላይ እስካላረፈ ድረስ ማንም አይበላም።

«ወይዘሪት ባሂራ» አለች ሀሴት በዝግታ፤ «ሰሃኑ የእኔ ይመስለኛል።»

«ልጄ፣ አስቀምጪላትና ገላግይን» አሉ ጋሽ ደበሌ። «እዚህ ሰው በጠኔ ሊሞት ነው። መርከቡ ሳይነሳ ልትቀብሪን ነው?»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። አባቷ አልሳቁም። ሹካውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንደ ተነገራቸው እየጠበቁ ነበር። 

«ይቅርታ እንግዶቼ። እባካችሁ ማንም እንዳይጀምር» አለች። «የአራት ቁጥርና የዘጠኝ ቁጥር ሰሃን ተለዋውጧል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ምኑ ነው የተለዋወጠው?» አለች ሀሴት።

«እርዱ።»

አባቷ ሹካውን ቀስ ብለው ጨርቁ ላይ አስቀመጡ፤ እጃቸውንም ከገበታው አነሱ። ጋሽ ደበሌ ሰሃናቸውን እንደ እንግዳ ነገር ተመለከቱት። ቴዎድሮስ ከበሩ ሊራመድ ሲል ሀሴት መዳፏን ከፍ አድርጋ አቆመችው።

«እንዴት ታርሚዋለሽ?» አለች ባሂራን።

ለአንድ እንግዳ የቀረበ ሰሃን ተነስቶ ለሌላ አይሰጥም፤ ይህ ሕግ ነው። የተቀመጠ እንግዳ ከወንበሩ አይነሳም፤ ይህም ሕግ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መጠበቅ አይቻልም። ባሂራ የትኛውን መስበር እንደሚቀላት አልመዘነችም፤ የትኛው አባቷን ከዚያ ሰሃን ቶሎ እንደሚያርቃቸው ብቻ ነው ያሰበችው።

«ሰሃኖቹ ባሉበት ይቆዩ። ጋሽ ደበሌ፣ አባ፣ ቦታ እንድትለዋወጡ እለምናችኋለሁ።»

«አባ» ማለቷን ራሷ አልሰማችውም። ሀሴት ግን ጻፈች።

«እኔስ ወንበሩ ሲቆረቁረኝ ነበር» አሉ ጋሽ ደበሌ ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሱ። «ተነስ ሰይዶ። ያንተ በግ ማዶ ሆኖ እየጠራህ ነው።»

አባቷ አልተነሱም። ባሂራ ትንፋሿን ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ ወንበሩ ወደ ኋላ ተሳበ። አጭሩን እጅጌ ወደ አንጓቸው ጎተት አድርገው፣ በገበታው ዙሪያ ተራመዱ፤ በአጠገቧ ሲያልፉ ዓይናቸውን አላነሱም። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ተቀመጡ። ናዝሬት ለሁለቱም አዲስ ሹካና ቢላዋ አመጣች። ባሂራ አስራ ሁለተኛውን ሰሃን ሀሴት ፊት አስቀመጠች። አውራ ጣቷ ላይ ቀይ መስመር ወጥቶ ነበር።

አባቷ «ቢስሚላህ» ሲሉ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ገበታው ከተነሳ በኋላ በረንዳው ላይ አገኘቻቸው። ኮቱን መልሰው ጋቢያቸውን ደርበዋል። ጋሽ ደበሌ ባጃጅ ሊጠሩ ወደ አስፋልቱ ወርደዋል። መጋረጃ ከተዘጋበት ቤት ወጥታ የቀኑ ብርሃን ዓይኗን ወጋት።

«በሉልኝ አባ?»

«በላሁ። ሥጋው ጥሩ ነው።»

ይቆጧታል ብላ ጠበቀች። አባቷ ግን በመንገዱ የሚያልፈውን አውቶቡስ እስኪርቅ ተመለከቱት።

«እዚያ መርከብ ላይ ስንት ሰው ይበላል?»

«በአንድ ጊዜ ስምንት መቶ ይሆናል አሉ።»

«ስምንት መቶ።» ቁጥሩን እንደ ከባድ ጆንያ ቀስ ብለው አወረዱት። «ዛሬ ባታዪው ኖሮ እበላው ነበር።»

«አባ፣ እኔ…»

«ቆይ። ሳያውቅ የበላን ሰው አላህ ይምረዋል፤ እሱ አይደለም የያዘኝ። አንቺ ቆመሽ አየሽልኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፈርሽልኝ።» ወደ እሷ ዞሩ። «እዚያስ ላንቺ ሰሃን ማን ቆሞ ያይልሻል?»

ባሂራ በስድስት ሳምንት የተማረችው ሁሉ በራሷ ውስጥ በየረድፉ ነበር፤ የማንኪያው ቦታ፣ የኮቱ ዓይነት፣ ለማን ከማን ቀድሞ እንደሚቀርብ። አስተናጋጆቹ ራሳቸው የት እንደሚበሉ፣ ማን እንደሚያበስልላቸው፣ ቴዎድሮስ ነግሯቸው አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። እስከዚያች ደቂቃ የፈራችው ይህን አዳራሽ ነበር። አሁን ከአዳራሹ ወዲያ ያለው ውኃ፣ አይታው የማታውቀው፣ መጨረሻ የሌለው፣ በእግሮቿ ሥር የመጣ መሰላትና የበረንዳውን ብረት ያዘች።

«አላውቅም አባ» አለች።

አባቷ ራሳቸውን ብቻ ነቅንቀው «እሺ» አሉ። ለዱዓ የሚዘረጉት እጆቻቸው ገና ጋቢው ውስጥ ነበሩ።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። ሀሴት ወረቀቷን ለሁለት አጥፋ ወጣች፤ ለአባቷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፤ ከዚያ ወረቀቱን ለባሂራ ዘረጋችላት።

«ሰማንያ አንድ» አለች። «ማለፊያው ሰማንያ ነው።»