የግራ እግር ጫማ ዋጋ

እናታችን ከሞተች ወዲህ ታናሽ ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አፉ መዝጊያ እንደሌለው ከማንም በላይ አውቃለሁ። የፊታችን እሑድ ሠርጉ ነው። እሱ ግን ከጫማ ሱቅ ደጃፍ ጫማ ሰርቆ ተያዘ። ጥንድ አላልኩም፤ አንድ እግር፣ የግራውን ብቻ። ባለሱቁ ሌባ ስለሚፈራ ለእይታ የሚሰቅለው የግራ የግራውን ነው።

ጥፋቱን ስላመነ ችሎቱ የሚወስነው ቅጣቱን ብቻ ነበር፤ ቅጣቱ ደግሞ በተሰረቀው ዕቃ ዋጋ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ዐቃቤ ሕጉ፣ "ግራው ከጠፋ ቀኙም ዋጋ የለውም፤ የጥንዱ ሙሉ ዋጋ ይያዝልን" አለ። ጠበቃችን ተነሣና፣ "ክብርት ዳኛ፣ አንድ እግር ጫማ ማን ይገዛል? ደንበኛዬ የሰረቀው ዋጋ ቢስ ነገር ነው" አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዳኛዋ ፈገግ ብለው ብዕራቸውን አነሡ። እዚያ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት።

"እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ አንድ እግር ጫማ ምን ሊሠራልህ ነው የወሰድከው?" ብለው ጠየቁት።

ከኋላ ሆኜ በዓይኔም በቅንድቤም ለመንኩት።

"ማዶ ያለው ሱቅ የሚሰቅለው የቀኝ የቀኙን ነው" አለ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብሎ። "ያው ዓይነት ጫማ አለው። ወደዚያ ስሻገር ነው የተያዝኩት።"

ጠበቃችን ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

"እንግዲያው ዋጋው የጥንድ ነው" አሉ ዳኛዋ። "ማንም ሳያስገድደው እውነቱን መዘርገፉ ግን ማቅለያ ይሆነዋል።" ሦስት ወር እስራት ፈረዱበት። ዋስ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ከተገኘ ቅጣቱ ይገደብለታል፤ ካልተገኘ ዛሬውኑ ወህኒ ይገባል።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደክሞኛል፣ ምን ልዋሽ። "እስከ እሑድ እኔ አለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሚስቱን ጠይቁልኝ" አልኩ። ችሎቱ በሳቅ አውካካ።

እጮኛው ከኋላ ወንበር ብድግ ስትል ግን ክው አልኩ። ጥላው መሄዷ ነው ብዬ ነበር። እሷ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ፊት መጣች።

"ለምን እስከ እሑድ? ከአሁን ጀምሮ እኔ ልፈርምለት" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እትዬ፣ እርስዎ ከእንግዲህ ይረፉ" አለችኝ።

እዚያው ችሎት ውስጥ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የኔ ጅል ለሱ ያለቀስኩ መስሎት፣ "አይዞሽ እህት ዓለም፣ ተፈታሁ እኮ" ይለኛል።